ከአሜሪካ ሆኖ ዓለም አቀፍ የፓተንት ማመልከቻ ማስገባት፦ ገንዘቡ ያዋጣል?

ከወንድሜ ጋር ለሠራነው የምጣድ ክዳን ፒሲቲ በሚባለው የአገሮች የፓተንት ትብብር ስምምነት በኩል ዓለም አቀፍ የፓተንት ማመልከቻ አስገብተን፣ ውጤቱንም አይተን፣ አገሮቹንም መርጠን ጨርሰናል። ሰው ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ነበር? ስንት አወጣህ?» ይለኛል። ስለዚህ ከፍዬ እንደተጠቀምኩበት እንደማንኛውም አገልግሎት ልገምግመው። ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ያዋጣል፤ ግን ምን እንደምትገዙ አውቃችሁ ስትገቡ ነው የሚያዋጣው። በዚህ ገንዘብ የምትገዙት ጊዜ ነው። ከጊዜው ጋር ደግሞ ስለ ፈጠራችሁ ሳይሸነግል እውነቱን የሚነግራችሁ ባለሙያ ታገኛላችሁ። ፓተንቱ ራሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ዓለምን በሙሉ የሚሸፍን ፓተንት የሚባል ነገር የለም። ፓተንት ድንበር አለው። አሜሪካ የሰጠችው አሜሪካ ውስጥ፣ እስራኤል የሰጠችው እስራኤል ውስጥ ነው የሚሠራው። የጤፍን ጉዳይ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ፓተንት በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 ጸድቆ፣ ስንቱን ሐበሻ ሲያናድድ ኖሮ፣ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ውስጡ የፈጠራ ደረጃ የሚባል ነገር (ማለትም የሙያው ሰው በቀላሉ የማይደርስበት እመርታ) አላየሁበትም ብሎ ውድቅ አደረገው። ያ ፍርድ እንኳ የሚመለከተው ኔዘርላንድ ውስጥ ያለውን መብት ነበር። ነገሩ አገር በአገር ነው።

ፒሲቲ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። እ.ኤ.አ. በ1970 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ፣ በ1978 ሥራ የጀመረ ስምምነት ነው፤ የሚያስተዳድረው ጄኔቫ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ ነው። ከ150 በላይ አገሮች አሉበት። አንድ ማመልከቻ በአንድ ቋንቋ ታስገባላችሁ፣ በሁሉም አባል አገሮች በዚያው ቀን እንዳስገባችሁ ይቆጠርላችኋል። ከዚያ ወዲያ መስጠቱም መከልከሉም የየአገሩ ፋንታ ነው። ዋናው ጥቅም ያለው ቀን አቆጣጠሩ ላይ ነው። ያለ ፒሲቲ ከሄዳችሁ፣ መጀመሪያ ካስገባችሁበት ቀን አንስቶ ባለው 12 ወር ውስጥ በምትፈልጉት አገር ሁሉ ጠበቃ ይዛችሁ፣ አስተርጉማችሁ፣ ከፍላችሁ መግባት አለባችሁ። በፒሲቲ ያ ቀን ወደ 30 ወር ይገፋል፤ አውሮፓ ፓተንት ቢሮ ጋ ደግሞ 31 ነው። በዚያ መሀል ዕቃው ይሸጥ እንደሆነ፣ አምራች ይገኝ እንደሆነ፣ ጨርሶ አዲስ ነገር መሆን አለመሆኑን ታያላችሁ። በደመወዝ ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የኛ ዕቃ ትንሽ ነው። እዚህ አገር ብዙ ሰው እንጀራ የሚጋግርበት ክቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ በመሠረቱ ሌፍሰ ለሚባለው የኖርዌይ ቂጣ የተሠራ ነው፤ ሌፍሰ ደግሞ ክዳን አይፈልግም። ስለዚህ ሰው የሆነ ክዳን ፈልጎ ይደፋበታል። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ክዳኑ ሲነሳ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ላይ የእንጀራው ዓይን ድፍን ይልና ሊጥ ሊጥ ይላል። የኛ ክዳን ውስጡ ተዳፋት ነው፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ጠባብ ቦይ አለው። ውሃው በተዳፋቱ ሸርተት ብሎ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። ተዳፋቱን ያሰበው አዲስ አበባ ብረታ ብረት ቤት ያለው ወንድሜ ነው፣ ቦዩን ደግሞ እኔ እዚህ ሆኜ።

አንዳችን እዚያ አንዳችን እዚህ መሆናችን ሁለት ጥያቄ አመጣ፤ ከኢትዮጵያ ሰው ጋር አብሮ የሚሠራ ሁሉ ይሄ ስለሚገጥመው ዘርዘር ላድርገው።

አንደኛው፣ ማን ነው ማስገባት የሚችለው? በፒሲቲ ለማመልከት የአባል አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል። እኛ ባስገባንበት ጊዜ ኢትዮጵያ አባል አልነበረችም (አሁን ያለውን ዝርዝር ዋይፖ ድረ ገጽ ላይ እዩት)፣ ስለዚህ ወንድሜ ብቻውን መግባት አይችልም ነበር። ግን ከአመልካቾቹ አንዱ ካሟላ ይበቃል፤ በኔ ነዋሪነት ሁለታችንም ገባን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ዱባይ ወይም ሪያድ ወይም ናይሮቢ በሕግ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ኤምሬትስም ሳዑዲም ኬንያም አባል ናቸውና በነዋሪነታችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ስንት እጀ ወርቅ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ የሚቆጭ ነገርም አለ። በጣም ያላደጉ አገሮች ውስጥ ለሚኖሩ ዜጎቻቸው ጄኔቫ ከዋናው ክፍያ ላይ 90 በመቶ ይቀንሳል። ግን አመልካቾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ማሟላት አለባቸው። እኔ ስላለሁበት ቅናሹ ቀረ።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረ ነገር ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ውጭ አገር ቢሮ መጀመሪያ ማስገባት አይቻልም። ዘላችሁ በቀጥታ ጄኔቫ ወይም አዲስ አበባ ብታስገቡ የአሜሪካ ፓተንታችሁን እስከማጣት ልትደርሱ ትችላላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ እዚህ አስገቡ። ከፓተንት ቢሮው የሚመጣላችሁ የደረሰኝ ወረቀት ላይ ለውጭ ማመልከቻ ፈቃድ መሰጠቱን የሚገልጽ መስመር አለ። ያንን መስመር በዓይናችሁ ሳታዩ አንድም ነገር ወደ ውጭ እንዳትልኩ። እኛ መጀመሪያ ፕሮቪዥናል (ጊዜያዊ) የሚባለውን ርካሹን ማመልከቻ አስገባን፤ ያኔ ነው ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቲክቶክ ላይም ፌስቡክ ላይም ለእድር ሰውም ምንም አላሳየንም። አሜሪካ ራሳችሁ ላወጣችሁት ነገር የአንድ ዓመት ምሕረት ትሰጣለች፣ አውሮፓ ግን ለራሳችሁ ቪዲዮም ምሕረት የላትም።

ኢፒሲቲ የሚባለው የዋይፖ የኦንላይን ሲስተም ግን በጣም ነው የወደድኩት። አካውንት መክፈት ነፃ ነው። ቅጹን ስትሞሉ የጎደለውንና የተጋጨውን እዚያው ያሳያችኋል፣ ክፍያውን ያሰላል፣ ካስገባችሁ በኋላ ደግሞ የሚቀጥሉትን የመጨረሻ ቀኖች በመስመር ደርድሮ ያስቀምጥላችኋል። ሌላ ሰው መጋበዝም ይቻላል፤ ማየት ብቻ፣ ወይም ማስተካከልም የሚችል አድርጋችሁ። ወንድሜ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ከስልኩ ላይ ሁሉን ነገር እኩል ከኔ ጋር ይከታተል ነበር። በወንድማማች መሀል እንኳ ወረቀቱ ለሁለቱም ክፍት ሲሆን ሰላም ይሰጣል። ገጹ በአሥር ቋንቋ ነው፣ ዐረብኛም አለበት፣ አማርኛ የለም። ነገር ግን ጄኔቫ ያለው ቢሮ ራሱ ተቀባይ ሆኖ ሲሠራ ማመልከቻውን በማንኛውም ቋንቋ ይቀበላል። በአማርኛም! ቅጹን ብቻ ከአሥሩ በአንዱ ትሞላላችሁ፣ የማመልከቻውን ትርጉም ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ታመጣላችሁ። ቀን ደርሶባችሁ፣ ሐሳቡን በአማርኛ ጥርት አድርጋችሁ ጽፋችሁ፣ እንግሊዝኛው ካልደረሰላችሁ ቀኑን የምታተርፉበት መንገድ ነው። በአሜሪካ ቢሮ በኩል ከሆነ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይ ጥብቅ ናቸው። ኤ4 ነው የሚፈልጉት። አሜሪካ ውስጥ ዎርድ ሲከፈት የሚመጣው ሌተር የሚባለው መጠን ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩት። ለጽሑፉ በግራ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በላይ በታችና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ መተው አለበት። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ መስመር ብቻ፤ ቀለም የለም፣ ፎቶ አንስቶ መለጠፍም አያዛልቅም። አጭር መግለጫው ከ50 እስከ 150 ቃል። ደግነቱ ማስገቢያ ቀናችሁን የሚያስከብሩላችሁ ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የፈጠራው ገለጻ፣ ቢያንስ አንድ ክሌም፣ ማለትም ይሄ የኔ ነው የምትሉበት ዐረፍተ ነገር። ሌላው በኋላ ይስተካከላል። ክፍያው ራሱ አንድ ወር ይታገሣል።

ስለ ክፍያው። ሦስት ቦታ ነው የሚሄደው። ማመልከቻውን ለሚቀበለው ቢሮ ትንሽ፣ ለጄኔቫ 1,330 የስዊስ ፍራንክ፣ ከናንተ በፊት ተመሳሳይ ነገር መኖር አለመኖሩን ለሚያጣራው ፍለጋ ደግሞ እንደ መረጣችሁት ቢሮ። የጄኔቫው ዋጋ ለመጀመሪያ 30 ገጽ ነው፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ገጽ 15 ፍራንክ ይጨመራል፤ በኦንላይን ስታስገቡ ደግሞ እንደ ፋይሉ ዓይነት ከ100 እስከ 300 ፍራንክ ይቀነሳል። ጄኔቫ አሜሪካ ለሚኖር ሰው ሌላ ቅናሽ የላትም። አሜሪካ ቢሮ ግን ከራሱ ድርሻ ላይ ለግለሰብና ለትንንሽ ድርጅት 60 በመቶ፣ ገቢው ዝቅ ላለና ብዙ ማመልከቻ ለሌለው ሰው 80 በመቶ ይቀንሳል። የፍለጋው ክፍያ ትልቁ ስለሆነ ቅናሹ እዚያ ላይ ነው የሚታየው። ፈላጊውን ትመርጣላችሁ፤ አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ኮሪያ፣ ሌሎችም አሉ። የአውሮፓው ውድ ነው፣ የኮሪያው ከሱ በብዙ ይረክሳል። እኛ ቅናሹ ስለሚደርሰን አሜሪካን መረጥን። ሁሉም ዋጋ ስለሚቀያየር በምታስገቡበት ሳምንት ድረ ገጹ ላይ እዩ።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። «ሐሳብ አለህ? በነፃ እንገመግምልሃለን» የሚሉ ድርጅቶችን ማስታወቂያ ሁላችሁም አይታችኋል። ስሙን የማልጠራው አንዱ ጋ ደወልኩ። ክዳኑን ገና በወጉ ሳልገልጽላቸው አደነቁት። በሳምንቱ በሚያምር ጥራዝ የታተመ «የገበያ ጥናት» መጣ፤ ውስጡ ስለ ማንኛውም የወጥ ቤት ዕቃ ሊባል የሚችል ነገር ነው ያለው፤ እንጀራ የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም። ቀጥሎ ብዙ ሺህ ዶላር ጠየቁኝ። በአሜሪካ ሕግ እንደነዚህ ያሉ ድርጅቶች ውል ከማስፈረማቸው በፊት ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ፈጠራ እንደገመገሙ፣ ከደንበኞቻቸው ውስጥ ስንቱ ከከፈለው በላይ ትርፍ እንዳገኘ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። ያንን ወረቀት ላኩልኝ ስላቸው ወሬ ቀየሩ፤ ስደግምላቸው መደወል አቆሙ። እባካችሁ ይህን ጥያቄ በቃላችሁ ያዙት። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ አባት ለተመሳሳይ ድርጅት ለጡረታ ያስቀመጡትን ከፍለው እስካሁን አንድ ነገር አላገኙም። ፓተንት ቢሮው በነዚህ ላይ የቀረበለትን ቅሬታ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ።

እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። ገለጻውን ራሳችን ጻፍነው፣ ለክሌሙ ብቻ በፓተንት ቢሮው የተመዘገበች ወኪል በሰዓት ቀጠርን። ክሌም ማለት ይሄ የኔ ነው ብላችሁ አጥር የምታጥሩበት ዐረፍተ ነገር ነው። ሰፊ ካደረጋችሁት አሮጌ ነገር ውስጥ ይገባል፣ ጠባብ ካደረጋችሁት ጎረቤት በጎን ያልፋችኋል። የወኪሎቹን የምዝገባ ቁጥር ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። አቅም ለሌለው ደግሞ በቢሮው የሚደገፍ የነፃ ጠበቃ ፕሮግራም አለ፣ የአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒኮችም ይሠራሉ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ክሌሙ ላይ አውጡት።

የፍለጋው ሪፖርት ሲመጣ ነው አራቱን ኮከብ የሰጠሁት። ሪፖርቱ ከናንተ በፊት የነበሩ ሰነዶችን እየጠራ ከጎናቸው ፊደል ያስቀምጣል። ኤክስ ማለት ይሄ ሰነድ ብቻውን ክሌማችሁን ይጥላል፤ ዋይ ማለት ከሌላ ጋር ተደምሮ ይጥላል፤ ኤ ማለት አካባቢውን ያሳያል እንጂ አይነካችሁም። የመጀመሪያው ክሌማችን፣ ውስጡ ተዳፋት የሆነውን ክዳን በሰፊው የያዘው፣ ኤክስ ተቀባ። የጠሩበት ሰነድ ክሬፕ የሚባለው ስስ ቂጣ መጋገሪያ ነው። ሥዕሉን አወጣሁት፤ ተዳፋቱ ቁልጭ ብሎ አለ፤ እንጀራ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ራሱ ቂጣ እያሰበ የወንድሜን ሐሳብ ቀድሞ አስቦታል። ቦዩ ያለበት ክሌም ግን ኤ ብቻ ነበር ያለበት። ከሪፖርቱ ጋር የሚመጣው የጽሑፍ አስተያየትም አዲስም ነው፣ የፈጠራ ደረጃም አለው ብሎ ጻፈ።

ወንድሜ መጀመሪያ ከፋው። ከዚያ እኔን ሳይጠይቅ ቦዩን አሻሽሎ ሁለተኛ ናሙና ሠራ። እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ። አስቡት፤ ይህን ሳናውቅ በአራትና በአምስት አገር ጠበቃ ይዘን ሰፊውን ክሌም ስንሟገትበት ኖሮ ስንት ገንዘብ ይሄድ ነበር? ሪፖርቱ ከመጣ በኋላ ክሌሞቹን አንድ ጊዜ የማሻሻል ዕድል አለ፤ ወይ ሪፖርቱ በተላከ በሁለት ወር ውስጥ፣ ወይ ከመጀመሪያው ቀን እስከ 16ኛው ወር፣ የሚዘገየው ይያዛል። ክሌሙን በቦዩ ዙሪያ አጠበብነው።

ከመጀመሪያው ቀን 18 ወር ሲሞላ ማመልከቻው ይታተማል። ዋይፖ የሚያወጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ፓተንትስኮፕ በሚባለው የዋይፖ ማውጫ ላይ ማንም በነፃ ያየዋል። የሁለታችንም ስም አንድ ገጽ ላይ፣ ከሥሩ የክዳኑ ሥዕል፤ እናታችን አሳትማ ሳሎን ሰቅላዋለች። ከህትመቱ በኋላ ግን ደብዳቤ መጉረፍ ይጀምራል። ማኅተም የሚመስል ነገር ያለበት፣ ስሙ መንግሥታዊ የሚመስል፣ የማመልከቻ ቁጥራችሁን በትክክል የጻፈ፣ «ለምዝገባ» ወይም «ለህትመት» ይህን ያህል ክፈሉ የሚል። ዋይፖ ለህትመቱ የተለየ ክፍያ አይጠይቅም፤ እነዚህ ከታተመው ላይ አድራሻ ለቅመው የሚልኩ ናቸው። ዋይፖ ራሱ ናሙናቸውን ሰብስቦ ያስጠነቅቃል። በቤታችሁ እንግሊዝኛ የማያነብ ሽማግሌ ካለ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ቢል የመጣ መስሎት ሊከፍል ይችላል።

አንዷን ኮከብ ለምን ነፈግከው ለምትሉኝ፣ የመጨረሻው ደረጃ ነው። 30ኛው ወር ሲደርስ እውነተኛው ወጪ ይመጣል። አገር በአገር የአገሩ ወኪል፣ የአገሩ ክፍያ፣ አንዳንዱ ጋ ትርጉም። እዚያ ላይ ለድሃ ፈጣሪ የሚደርስ እጅ በጣም ጥቂት ነው፤ ይህን ሁሉ መንገድ አብሮ ለመጣ ሰው በሩ ላይ ብቻውን መቅረቱ ያሳዝናል። አውሮፓን ተውነው። ስዊድንም ጀርመንም ብዙ ሐበሻ አለ፣ ግን ማመልከቻው ገና እየተመረመረ ሳለ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ የዓመት ክፍያ አለበት፤ ለኛ አይሆንም። አሜሪካና እስራኤል ገባን። እስራኤልን የመረጥነው ነታንያም ቤር ሸቫም አሽዶድም በየቤቱ እንጀራ ስለሚጋገር ነው፤ እዚያ ያሉ ዘመዶች ናሙናውን ሞክረው ከኛ የበለጠ የተከራከሩለት እነሱ ናቸው።

ኢትዮጵያን በፒሲቲው ውስጥ መምረጥ ስለማንችል የአሜሪካው የውጭ ማመልከቻ ፈቃድ ከመጣ በኋላ፣ ገና ምንም ሳይታተም፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ላለው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በቀጥታ አስገባ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት እዚያ ፓተንት ለ15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ ለአምስት ዓመት ይራዘማል። ክዳኑን እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ማምረት ጀምሯል። እኔ ደግሞ የአሜሪካውን መርማሪ የመጀመሪያ ደብዳቤ እየጠበቅኩ ነው፤ ሲመጣ ምን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ።